ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይስ ሆስፒታል? በደሴና በኮምቦልቻ የመውለጃ ቦታ አመራረጥ

እርግዝናው ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ «የት ትውለድ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል። አማት «እኔ ሁሉንም እዚሁ ቤት ነው የተገላገልኩት» ይላሉ። ባል ሆስፒታል ይሻላል ይላል። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ስታምጥ ብቻዋን እንዳትቀር፣ የማታውቀው ሰው ፊት እንዳትራቆት ትሰጋለች። የሦስቱም ሐሳብ ሊደመጥ ይገባዋል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የእሷ ነው፣ የምታምጠው እሷ ናትና።

ቤት መውለድ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተካሄደው አገር አቀፍ ዳሰሳ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ከተወለዱት 100 ሕፃናት በጤና ተቋም የተወለዱት 48 ያህሉ እንደሆኑ አሳይቷል። ስለዚህ «ቤት መውለድ ጥፋት ነው» ብሎ መቆጣት ማንንም አይረዳም። የሚረዳው እያንዳንዱ ምርጫ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚያሳጣ ለይቶ ማወቅ ነው።

መለኪያው ሰዓት ነው

ቦታዎቹን የምናነጻጽረው በግድግዳቸው ቀለም ሳይሆን በሦስት የጊዜ ገደቦች ነው።

አንደኛው የ1 ደቂቃ ነው። ተደርቆና ጀርባው ታሽቶ ያልተነፈሰ ሕፃን በ1 ደቂቃ ውስጥ አየር ማግኘት አለበት። ባለሙያዎች አምቡ ባግ የሚሉት የእጅ ፊኛና ከሕፃኑ ፊት ልክ የሆነ ማስክ ያስፈልጋል፤ አጠቃቀሙን የለመደ እጅም እንዲሁ። ለዚህ አምቡላንስ አይደርስም፣ ጎረቤት ያለ ክሊኒክም አይደርስም። ወይ ክፍሉ ውስጥ አለ፣ ወይ የለም።

ሁለተኛው የ2 ሰዓት ገደማ ነው። ከወሊድ በኋላ ማሕፀን አልኮማተር ሲል ደሙ ይፈስሳል፤ ጤነኛ የነበረች እናት በዚህ ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ከ2ቱ ሰዓት ላይ ደሙ መብዛቱን ለማመን፣ ለመመካከር፣ መኪና ለመፈለግና ለመንገዱ የሚሄደውን ቀንሱ። የሚቀረው ለሕክምናው ነው።

ሦስተኛው የቀዶ ሕክምና ነው። ልጁ ማለፍ ሲያቅተው ብዙውን ጊዜ ሰዓታት ቀደም ብሎ ምልክት ይታያል፤ ምጡን እየለካ የሚመዘግብ ሰው ካለ ማለት ነው። እትብት ቀድሞ ከወጣ ወይም እንግዴ ልጅ ከመውለጃው በፊት ከተላቀቀ ግን ጉዳዩ የደቂቃዎች ነው።

ከምርጫ የሚያስወጡ ሁኔታዎች

የሚከተሉት ካሉ ንጽጽሩ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ቦታው ሆስፒታል ነው፦ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን መውለድ፣ መንታ፣ በመቀመጫው ወይም በአግድሞሽ የመጣ ልጅ፣ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ በእርግዝና ጊዜ ደም ማየት፣ ባለፈው ወሊድ ብዙ ደም መፍሰስ ወይም እንግዴ ልጅ ተይዞ መቅረት፣ ከ37 ሳምንት በፊት የመጣ ምጥ። ከባድ የደም ማነስም እንደዚሁ ነው፤ ቀድሞውንም ደም ያነሳት እናት ሌላዋ የምትቋቋመውን መፍሰስ አትቋቋምም። ከ18 ዓመት በታች የሆነች፣ አጭር ቁመት ያላት፣ 5ኛ ልጇንና ከዚያ በላይ የምትወልድም ቢያንስ ሆስፒታል በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ያስፈልጋታል።

የመጀመሪያ ልጅን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ቤት አይሁን። ምክንያቱን ከታች በቁጥር እናሳያለን።

ቤት፣ ከዘመድና ከልምድ አዋላጅ ጋር

የሚሰጠው ብዙ ነው፤ የምታውቀው ክፍል፣ የእናት እጅ፣ እንደፈለገች መቆምና መንበርከክ፣ ቡናው፣ ዱዓው፣ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለው ምርቃት። ያልፈራች እናት ምጧ ይቀላታል፤ ይህን ሕክምናውም ይቀበለዋል። ልምድ ያላት አዋላጅ የተለመደውን ወሊድ በትዕግሥት ትይዛለች።

የሚያሳጣው ግን የ1 ደቂቃውን እርዳታ ሙሉ በሙሉ፣ የ2 ሰዓቱን ደግሞ አብዛኛውን ነው። ከጥሩ ሐሳብ የሚመጣ ጉዳትም አለ። ምጥ ሲዘገይ ሆድ መጫን ማሕፀን ሊቀድ ይችላል። እንግዴ ልጅ እንዲወጣ እትብት መጎተት ማሕፀኑን ሊገለብጥ ይችላል። እትብት ላይ ቅቤ ወይም እበት መቀባት መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። አዲስ ለተወለደ ልጅ ቅቤ ማዋጥም አደጋ አለው፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፣ የእናቱን የመጀመሪያ ወተት እንገርም ያዘገይበታል።

ቤት፣ ባለሙያ ተጠርቶ

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች «እዚህ ሚድዋይፍ ቤት ድረስ ትመጣለች» ሲሉ ይሰማል። እውነት ነው፤ ግን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት፣ ስጋታቸው ዝቅተኛ የሆነ ከ64,000 በላይ እናቶችን ተከታትሏል። ከዚህ በፊት ለወለዱት፣ ቤት ለመውለድ በማቀዳቸው በሕፃናቱ ላይ የታየ ልዩነት አልነበረም። የመጀመሪያቸውን ቤት ለመውለድ ካቀዱት ግን ከመቶ 45 ያህሉ በምጥ መሀል ወይም ወዲያው ከወለዱ በኋላ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል፤ ከባድ ችግር የደረሰባቸው ሕፃናትም ከ1,000ው 9.3 ሲሆኑ፣ ሆስፒታል ለመውለድ ካቀዱት መካከል 5.3 ነበሩ።

ልብ በሉ፣ ይህ የሆነው የሠለጠኑ ሚድዋይፎች መድኃኒትና አምቡ ባግ ይዘው ቤት በሚገቡበት፣ አምቡላንሱም ሆስፒታሉም ከእነሱ ጋር በአንድ ሥርዓት በተያያዘበት አገር ነው። የእኛ አገር የመንግሥት ጤና አገልግሎት አቅጣጫው በተቋም መውለድ ስለሆነ፣ ለታቀደ የቤት ወሊድ ባለሙያ የሚልክበት እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። በግል የሚጠራ ነርስ ወይም ሚድዋይፍ ቢገኝ እንኳ አራት ነገር ጠይቁ፦ አምቡ ባግ ይዘሻል? ኦክሲቶሲኑ (ማሕፀን የሚያኮማትረው መርፌ) በምን ቀዝቅዞ ይመጣል? አብሮሽ የሚመጣ ሌላ ባለሙያ አለ? ችግር ቢመጣ የትኛው ተቋም ይቀበለናል? ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት መድኃኒት ነው፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ቦርሳ ውስጥ የዋለ መርፌ ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል፣ ያን ደግሞ የምታውቁት ደሙ ሲፈስስ ነው።

አንድ ነገር በፍጹም አትፍቀዱ። ልጁ ሳይወለድ «ምጥ ይፍጠንላት» ብሎ ቤት ውስጥ የሚወጋ ኦክሲቶሲን። ይህ መድኃኒት ከወሊድ በፊት የሚሰጠው በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ተበጥብጦ፣ ጠብታው እየተቆጠረ፣ የልጁ የልብ ምት እየተደመጠ፣ ቀዶ ሕክምና ባለበት ቦታ ነው። በጡንቻ ከገባ መመለሻ የለውም፤ ማሕፀን ሊቀደድ፣ ልጁ ሊታፈን ይችላል።

ጤና ጣቢያ

ከዚህ በፊት በሰላም ለወለደች፣ ከላይ ከተዘረዘሩት አንዱም ለሌለባት እናት ሚዛኑን የሚጠብቀው ይህ ይመስለናል። ጤና ጣቢያ ሚድዋይፍ፣ ኦክሲቶሲን፣ ከደም ግፊት የሚመጣ መንዘፍዘፍን የሚያቆም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ አንቲባዮቲክና አምቡ ባግ ሊኖረው ይገባል፤ የተያዘ እንግዴ ልጅ በእጅ ማውጣትም ሥራው ነው። የ1 ደቂቃውና የ2 ሰዓቱ ችግር እዚያው ይመለሳል ማለት ነው። የሌለው ቀዶ ሕክምናና ደም ነው። በመንግሥት ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው።

«ሊኖረው ይገባል» ያልነው አውቀን ነው። በ36ኛው ሳምንት ክትትል ስትሄዱ ጠይቁ፦ ሌሊትና እሑድ ሚድዋይፍ አለ? መብራት ሲጠፋ በምን ታዋልዳላችሁ? ውሃ አለ? ሪፈር ሲጻፍ መኪናው ከየት ይመጣል? መልሱ ካላረካችሁ ሌላ ጤና ጣቢያ ለመምረጥ ገና ጊዜ አላችሁ።

ቤትን ተወዳጅ የሚያደርጉት አብዛኞቹ ነገሮች እዚህም የሚጠየቁ ናቸው። የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አጠገቧ መሆን፣ መንቀሳቀስ፣ አጥሚት መጠጣት፣ በጀርባ ከመተኛት ይልቅ በጎን ወይም ተንበርክኮ ማማጥ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክራቸው ናቸው። ሴት አዋላጅ የምትፈልግ ቀድማ ታሳውቅ፤ በተረኞቹ ዝርዝር ማየት ይቻላል። እንግዴ ልጁን ወስዶ መቅበር የሚፈልግ ቤተሰብም አስቀድሞ ይናገር። ገንፎውና ቡናው ቢያንስ ለ24 ሰዓት ተቆይቶ ቤት ሲገባ ይደርሳል።

ሆስፒታል

ቀዶ ሕክምና፣ ደም፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል። ሦስቱን በአንድ ግቢ የሚያገኙት እዚህ ነው፤ በደሴ ዋናው ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። የሚያሳጣው ጸጥታና ቅርበት ነው። ከሩቅ ወረዳ ሪፈር የተጻፈላቸው ሁሉ የሚመጡበት ስለሆነ ክፍሉ ይጣበባል፣ ተማሪዎች ይገባሉ፣ አጃቢ ውጭ ጠብቅ ሊባል ይችላል። በተማሪ አለመታየት ይቻላል፤ «አልፈልግም» ማለት በቂ ነው።

የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ ክፍሉም መስተንግዶውም ሊሻል ይችላል፣ ክፍያው ግን ከፍ ይላል። እዚያ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ሐኪሙና ሰመመን ሰጪው እዚሁ ናቸው ወይስ ይጠራሉ?

ሐኪም ምን ያህል ጣልቃ ይግባ?

ተቋም መግባት ማለት የሚደረገውን ሁሉ መቀበል ማለት አይደለም። የትም ቦታ ቢሆን ልትተዉት የማይገባ አለ፤ ልትጠይቁበት፣ እምቢም ልትሉበት የምትችሉት አለ።

የማይተወው ይህ ነው። ምጡ ከገፋ በኋላ የልጁን ልብ በየ30 ደቂቃው፣ ልጁን ስትገፋ በየ5 ደቂቃው ማድመጥ። የእናቲቱን ግፊት መለካት። ልጁ እንደተወለደ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጭኗ ላይ መወጋት፤ ከሁሉም መርፌ ለሕይወት ቅርቡ ይህ ነው። እትብቱን ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ሳይቆርጡ መቆየት። ለልጁ 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ፣ የዓይን ቅባት፣ ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ።

ለምን ተብሎ የሚጠየቅበት ደግሞ ምጥ ማፋጠኛ፣ የእንሽርት ውሃ ማፍሰስና የብልትን በር መቅደድ ነው። አንዳንዴ ያስፈልጋሉ፤ ለሁሉም እናት እንደ ደንብ አይደረጉም። «አሁን ባይደረግ ምን ይሆናል? አንድ ሰዓት ብንጠብቅስ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ ያስገኛል። የጠበቀ ምጥ የሚባለው የማሕፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ምጥ ረጅም ሊሆን ይችላል፣ ስለረዘመ ብቻ ማፋጠኛ አይሰካበትም። ከዚያ በኋላም ለመጀመሪያ ወላድ እስከ 12 ሰዓት፣ ለሌላዋ እስከ 10 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሆድን ከላይ መጫን፣ ፀጉር መላጨትና በፊንጢጣ ሆድ ማጠብ (ኤኒማ) ግን የማያስፈልጉ ናቸው፤ እምቢ ማለት ይቻላል።

መንገዱ

ደሴ ላይ ችግሩ ርቀት ሳይሆን ዳገት ነው። ከጦሳ ሥር ባሉት ሰፈሮች ባጃጅ የማይወጣባቸው መተላለፊያዎች ስላሉ፣ ከቤት እስከ አስፋልት የሚፈጀውን ደቂቃ በጨለማ ሄዳችሁ ለኩ። የቅሬው (የእድሩ) ቃሬዛ የት እንደሚቀመጥ፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እወቁ፤ 4 ተሸካሚ በስም ይታወቅ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ቀዶ ሕክምናና ደም በዚያ ሌሊት ከተማው ውስጥ ይገኝ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ካልተገኘ ጉዞው ወደ ደሴ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ1,850 ሜትር ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ፣ መሀሉ ላይ የሐረጎ ዳገት። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ፣ የጭነት መኪኖች ዳገቱን ሲያዘግሙ፣ በሌላ ቀን ግማሽ ሰዓትን ብዙም የማያልፈው መንገድ ይረዝማል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ የሚነሳ ውሳኔ ከደሴው መቅደም አለበት። ከአልቡኮ፣ ከኩታበር ወይም ከቃሉ ገጠር ለምትመጣ እናት ደግሞ ከ38ኛው ሳምንት ጀምሮ በእናቶች ማቆያ ወይም ከተማ ባለ ዘመድ ቤት መቀመጥ ከማንኛውም አምቡላንስ ይበልጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ፣ የ2 ባለመኪና ስልክ ግድግዳ ላይ ጻፉ። ደም መስጠት የሚችሉ 2 ጤነኛ ዘመዶችም ይዘጋጁ።

ቤት ለመውለድ ለወሰነች፣ ወይም ምጡ ለቀደማት

ክትትሏ የተሟላ ይሁን፦ የደም ዓይነት፣ የደም መጠን፣ የሽንት፣ የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ አልትራሳውንድ። የደም ዓይነቷ አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ፣ የልጁ ደም ፖዘቲቭ ሆኖ ሲገኝ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት ያለባት መርፌ አለና ቤት ብትወልድም ተቋም መሄድ ግድ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ስለ ሚሶፕሮስቶል ጠይቁ። ደም እንዳይበዛ ይከላከላል፤ መጠኑ 600 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም ባለ 200ው 3 ፍሬ፣ በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። የሚዋጠው ልጁ ከተወለደና ሁለተኛ ልጅ ሆድ ውስጥ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት አንዷም ፍሬ ብትዋጥ ማሕፀን ልትቀድ ትችላለች። መንቀጥቀጥና ትኩሳት ቢመጣ የመድኃኒቱ ነው፣ ያልፋል።

ዕቃው ይህን ይመስላል፦ 2 ሜትር ንጹሕ ላስቲክ፣ ታጥበው ፀሐይ ላይ የደረቁ 5 የጥጥ ጨርቆች፣ ሳሙና፣ 3 ጥንድ አዲስ ጓንት፣ ያልተከፈተ ምላጭ፣ 2 የእትብት ማሰሪያ፣ ሞዴስ፣ የልጅ ኮፍያ፣ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ መብራት፣ ክሎርሄክሲዲን የእትብት ጄል። የጄሉ ቱቦ ከዓይን ቅባት ጋር ስለሚመሳሰል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል።

ክፍሉ 25 ዲግሪ ገደማ ይሙቅ። የደሴ የታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ከባድ ስለሆነ ብዙዎች ከሰል ያስገባሉ፤ በር ተዘግቶ ከሆነ ጭሱ እናትንም ልጅንም ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ክፍሉን አሙቆ ከምጡ በፊት ይውጣ።

ልጁ ሲመጣ እናቱ ሆድ ላይ አድርጉት፣ በደንብ አድርቁት፣ እርጥቡን ጨርቅ ጣሉና በደረቅ ከእሷ ገላ ጋር ሸፍኑ። እትብቱ መምታት ሲያቆም ከሆዱ በ2 እና በ5 ሴንቲ ሜትር ላይ እሰሩ፣ መሀሉን ቁረጡ። እስከ 24 ሰዓት አይታጠብ፣ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ይያዝ። እሷ ሽንቷን ትሽና፤ የሞላ ፊኛ ማሕፀን እንዳይኮማተር ያደርጋል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሙሉ መሆኑን እዩ፣ አትጣሉት፣ ወደ ተቋም ስትሄዱ አብሮ ይሂድ።

መኪና የሚጠራባቸውን ሰዓቶች ምጥ ሳይመጣ ተስማሙባቸው፤ ያን ጊዜ መከራከር ጊዜ ይበላል። የእንሽርት ውሃ ፈስሶ 6 ሰዓት ምጥ ካልመጣ። ውሃው አረንጓዴ ከሆነ። ምጡ 12 ሰዓት ከሞላ። እንግዴ ልጅ በ30 ደቂቃ ካልወጣ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም መንዘፍዘፍ ከመጣ። 2 ወይም 3 ሞዴስ በ15 ደቂቃ ከራሰ፣ ወይም ደሙ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያህል ከሆነ፦ መኪናው ወዲያው ይጠራ፣ እምብርቷ ሥር ያለው ማሕፀን እንደ ኳስ እስኪጠጥር በመዳፍ ይታሽ፣ ልጁ ጡት ይያዝ፣ እሷ እግሯ ከፍ ብሎ ብርድ ልብስ ትልበስ። ጨርቅ ውስጧ አትወትፉ፤ ደሙን ይደብቀዋል እንጂ አያቆመውም።

ሁሉም በሰላም ካለቀ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ሄደው ይታዩ፣ በ3ኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በ6ኛው ሳምንት ይደገም። ጡት ያልያዘ፣ የቀዘቀዘ ወይም ያተኮሰው፣ ሲተነፍስ ደረቱ የሚሰረጉድ፣ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ ሕፃን ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።